እልልታና ልቅሶ በአንድ አደባባይ

በሚያዝያ 27 የድል በዓል በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ

የንባብ ክፍል፦ ዕዝራ 3፥10-13፤ ነህምያ 9፥36-37

በቤታችሁ ሆናችሁ፣ በታክሲ እየሄዳችሁ፣ በላፍቶ የአትክልት ገበያ ከሽንኩርቱ አጠገብ ትንሿን ሬዲዮ ከፍታችሁ ለምትሰሙን ሁሉ፣ እንኳን ለድል በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

"እንኳን አደረሳችሁ" ስል በየልባችሁ የምትመልሱት አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ "እንኳን አብሮ አደረሰን" ብላችኋል። አንዳንዶቻችሁ ዝም ብላችኋል። ሌላው ደግሞ "የምን ድል?" ብሏል። ይህን የሚለው ሰው አገሩን የሚጠላ አይደለም። ኑሮ ከብዶት፣ ዘመዱ ተፈናቅሎበት፣ የሚሰማው ዜና ሁሉ የሞት ዜና ሆኖበት ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ልብ ይዘን በአገር በዓል ቀን እንዴት እናመስግን? ብናመሰግን ግብዝነት አይሆንም ወይ? ባናመስግንስ አመስጋኝ ያልሆንን ሰዎች አንሆንም ወይ? የዛሬው መልእክታችን በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

መልሱን ለማግኘት ታሪክ ማንበብ አለብን። ሰባኪ ታሪክ ሲያወራ "ወደ ቃሉ ግባ እንጂ" የሚል አይጠፋም። ግን ኦሪት ዘዳግምን እስቲ ከፍታችሁ አንብቡ፤ ሙሴ ደጋግሞ የሚያዘው "አስቡ፣ አትርሱ" እያለ ነው። የእግዚአብሔር ሕዝብ የሚያስታውስ ሕዝብ ነው። ሲያስታውስ ደግሞ ያማረውን ብቻ መርጦ አይወስድም፤ ግብፅንም በረሃውንም ማራንም ያስታውሳል።

አንድ ቀን፣ ሁለት ፊት

ሚያዝያ 27 ሲባል ሁላችንም የምናስበው 1933 ዓ.ም.ን ነው። ይህ ቀን ግን ከዚያ በፊት ሌላ ፊት ነበረው።

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ሠራዊታችን ማይጨው ላይ ተሸነፈ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። አዲስ አበባ ያለ ጠባቂ ቀረች፤ ሱቅ ተዘረፈ፣ ቤት ተቃጠለ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማርሻል ባዶሊዮ የፋሺስት ጦሩን ይዞ ወደ ከተማችን ገባ። ሮም ላይ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ። እዚህ ግን ያ ቀን የኀዘን ቀን ነበር። አያችሁ፣ ዛሬ ሰንደቅ ዓላማ የምንሰቅልበት ቀን መጀመሪያ የወረደበት ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፣ አዲስ አበባ ሦስት ቀን በደም ታጠበች። ኢትዮጵያ የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ትላለች። በዚያው ዓመት ግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። እኛ ወንጌላውያን ይህን ስንሰማ "የሌላ ቤት ታሪክ ነው" እንዳንል። ለዚህች አገር ነጻነት ደሙን ያፈሰሰ ካህን፣ መነኩሴ፣ ሙስሊም፣ ገበሬ ሁሉ ዛሬ ለምንጸልይባት መሬት ከፍሏል። የከፈለልንን ሰው ማመስገን ከእምነታችን የሚያጎድለው ነገር የለም።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። አብሯቸው የነበረውን አነስተኛ ጦር የመራው እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት፣ መጽሐፍ ቅዱስ አጥብቀው በሚያነቡ የወንጌል አማኝ ወላጆች ቤት ያደገ ሰው ነበር። ለጦሩም ከመጽሐፈ መሳፍንት ወስዶ "የጌዴዎን ጦር" የሚል ስም ሰጠው። ጌዴዎን በ300 ሰው የምድያምን ሠራዊት እንደ በተነ ታውቃላችሁ። ግን ዊንጌት ሲመጣ መሬቱ ባዶ አልነበረም። በጎጃም፣ በሸዋ፣ በጎንደር፣ በወሎና በሌላውም አገር አርበኞች አምስት ዓመት ሙሉ በዋሻና በጫካ ጠላትን እንቅልፍ ነስተውት ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ደቡብ አፍሪካውያን፣ ናይጄሪያውያን፣ የወርቅ ጠረፍ ልጆች፣ ሕንዶችና ሱዳናውያን ለማያውቁት አገር ተዋግተው እዚሁ አፈር ውስጥ ቀርተዋል። መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ከፋሺስት እጅ ወጣች። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ በሚያዝያ 27 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ በኩል አድርገው ወደ ከተማዋ ገቡ። በዚያው ቀን ለሕዝቡ ባሰሙት ንግግር ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አደራ አሉት። ሮሜ 12ን ያነበበ ክርስቲያን ይህ ምክር ከየት እንደ መጣ ያውቃል።

እንግዲህ አንድ ቀን ሁለት ፊት አለው። የተሸነፍንበትም የተነሣንበትም ቀን ነው። ይህን ቀን በእውነት የሚያከብር ሰው ሁለቱንም አብሮ መያዝ ይኖርበታል።

ድሉ መጣ፣ ቅሬታውም አብሮ መጣ

"በድሮ ጊዜ ሕዝቡ አንድ ልብ ነበር፣ የተከፋፈልነው እኛ ነን" እንላለን። እውነቱ ግን እንዲያ አይደለም። በድሉ ማግስትም ቅሬታ ነበረ።

አምስት ዓመት በጫካ የቆየው አርበኛ ከጫካ ሲወጣ፣ ከስደት የተመለሰው ሹመት ይዞ አገኘው። ይባስ ብሎ ለጠላት ያደረው ባንዳ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየው። "እኔ የደማሁት ለዚህ ነው እንዴ?" ያለ አርበኛ ብዙ ነው። የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ ለጠላት ያልተንበረከከ ሰው ነበር፤ በጥር 1937 ዓ.ም. ግን አዲስ አበባ ውስጥ በስቅላት ተቀጣ። ያንን ጣልያን አላደረገውም፤ የራሳችን መንግሥት ነው ያደረገው። ደጃዝማች ታከለ ወልደ ሐዋርያትም ከአርበኞቹ መሪዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ከነጻነት በኋላ ያሳለፉት ዘመን እስር የበዛበት ነበር። እንግሊዞችም ቢሆኑ ነጻ አውጥተውን ወዲያው አልሄዱም። በጥር 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ብዙ ሥልጣን በእጃቸው አቆይተዋል፤ የያዙት መሬት ተጠቃሎ የተመለሰልን በ1947 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ እነዚያ አርበኞች ምን አደረጉ? ብዙዎቹ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ሲመጣ ሜዳሊያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ አራት ኪሎ ወደሚገኘው የድል ሐውልት ይወጡ ነበር። ቅሬታቸው በልባቸው አለ፤ ምስጋናቸውም በአፋቸው አለ። አንዱ ሌላውን አላጠፋውም። ይህን ከእነሱ እንማር።

ሚሲዮናውያን የሌሉበት ቤተ ክርስቲያን

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት ታሪክ እንግባ። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ሚሲዮናውያኑን ከወላይታ አስወጡ። በዚያን ጊዜ በወላይታ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ማተሚያ ቤት የለ፣ ሴሚናሪ የለ፣ ከውጭ የሚመጣ ርዳታ የለ። በቋንቋቸው የነበራቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል በጣም ጥቂት ነበር። የሄዱት ሰዎች በእግዚአብሔር ላይ ከመጣል በቀር ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር?

የቀሩት አማኞች ግን በሌሊት እየዞሩ ወንጌልን ነገሩ። መሪዎቹ ተያዙ፣ በሶዶ እስር ቤት ተገረፉ። ዋንዳሮ ደባሎ የሚባለው ወንጌላዊ በአደባባይ ከተገረፉት አንዱ ነው። ከነጻነት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ቁጥር ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ አማኝ ነበር። 48 ትተው ሄዱ፣ 10 ሺህ ተቀበሏቸው። በምዕራብም በደምቢ ዶሎ፣ ዓይነ ስውሩ ቄስ ጊዳዳ ሶለንና ማሞ ጮርቃ የመሳሰሉ አባቶች ምእመናኑን በዚያ ክፉ ዘመን ይዘው ቆይተዋል። ሃሌሉያ! ጌታ ሥራውን ለመሥራት የማንንም ፈቃድ አልጠበቀም።

ነገር ግን ታሪኩን እዚህ ላይ ዘግተን "አሜን" ብንል ግማሹን ደበቅን ማለት ነው። ነጻነት ሲመጣ ለእነዚህ አማኞች ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነም። በ1936 ዓ.ም. በወጣው የሚሲዮን ደንብ አገሪቱ ሚሲዮን ሊሠራባቸው የሚችልና የማይችል ተብላ ተከፈለች። በደቡብ በየቦታው አማኞች በአካባቢ ሹማምንት እጅ ታስረዋል፣ ተንገላተዋል። በ1964 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ በዚሁ በአዲስ አበባ፣ ለአምልኮ የተሰበሰቡ ወደ 250 የሚሆኑ የሙሉ ወንጌል አማኞች በፖሊስ ተይዘው ታስረዋል። ከጣልያን ያወጣንን መንግሥት አመሰገንነው፤ ያው መንግሥት ደግሞ አሰረን። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ለመናገር ሌላውን መዋጥ አያስፈልግም።

በዓል የሚሾሙና የሚሽሩ መንግሥታት

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን አወረደ፤ መስከረም 2 የአብዮት በዓል ሆነ። የድሉን በዓል ደግሞ ከንጉሡ መመለሻ ቀን ከሚያዝያ 27 አንሥቶ ወደ መጋቢት 28 ወሰደው። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ገባ፤ መስከረም 2 ተሻረ፣ ግንቦት 20 በዓል ሆነ፣ የድል በዓልም ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ዛሬ ደግሞ ግንቦት 20 እንደ ድሮው አይከበርም። አንድ ሰው በዕድሜው ስንት በዓል ሲሾምና ሲሻር አየ! መንግሥት ሲቀየር ቀን መቁጠሪያውም ይቀየራል።

በእነዚህ በዓላት ሁሉ ውስጥ ደግሞ አንዱ እልል ሲል ሌላው ያለቅሳል። መስከረም 2 መሬት ለሌለው ገበሬ የተስፋ ቀን ነበር፤ ባላባት ከመሬቱ ተነሣ። ለእኛ ግን ከዚያ የተከተለው ምን ነበር? ከየካቲት 1955 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ለብዙ አገሮች ሲናገር የነበረው የወንጌል ብሥራት ድምፅ ሬዲዮ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ተወረሰ፤ የአብዮት ድምፅ እንዲሆን ተደረገ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ አገር ለቀው እንዲወጡ መንገድ ተከፍቶላቸው ሳለ "መንጋዬን ትቼ አልሄድም" ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ ከጸሎት ቤት ሲወጡ ተወሰዱ፣ ተገደሉ። አስከሬናቸው ተገኝቶ በክብር የተቀበረው በ1984 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ያህል በእስር ቆይተዋል። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ሲዘጋ አባላቱ ወደ 5 ሺህ ነበሩ። በየቤቱ፣ በየጓዳው፣ መዝሙር በሹክሹክታ እየዘመሩ ቆዩ። በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት 34 ሺህ ሆነው ወጡ።

እንግዲህ ግንቦት 20 ለእኛ ለወንጌላውያን የጸሎት ቤት ቁልፍ የተመለሰበት ዘመን ነው። በአደባባይ መዘመር ጀመርን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖትን ነጻነት ደነገገ። እናመሰግናለን፤ ለምን እንደብቃለን? ግን ያው ቀን ለሌላው ቤተሰብ ምን ነበር? ልጁ በሰሜን ጦር ግንባር ወድቆ ሬሳው እንኳ ያልመጣለት አባት ነበረ። ተበትኖ በየመንገዱ የለመነ ወታደር ነበረ። በኋላም በዚያው ሥርዓት ታስሮ የተሰቃየ፣ በብሔሩ የተገፋ ሰው ነበረ። እኛ እልል ስንል ጎረቤታችን ያለቅስ ነበር።

ዛሬስ? ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተጀመረ፤ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። ለፊርማው ጌታን አመሰገንን። ነገር ግን ጥይቱ በአማራም በኦሮሚያም ገና አልበረደም። በየመጠለያው በድንኳን የሚያድር ወገን አለ። ለስምምነቱ ያመሰገነ አፍ ስለሚቀጥለው ሞት ሊያለቅስ መብቱ ነው።

ቃሉ ምን ይላል?

አሁን መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ወደ ዕዝራ ምዕራፍ 3 ግለጡት። ሕዝቡ ከባቢሎን ምርኮ ተመልሶ በሁለተኛው ዓመት የቤተ መቅደሱን መሠረት ጣለ። ካህናቱ መለከት ይዘው ቆሙ፤ ሌዋውያኑ ጸናጽል ያዙ፤ ሕዝቡም በታላቅ ድምፅ እልል አለ። በዚያው ሰዓት ግን የመጀመሪያውን ቤት በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። ጸሐፊው የሚጨምረው ነገር እጅግ ያስደንቃል፦ የእልልታው ድምፅ ከልቅሶው ድምፅ ተለይቶ አልታወቀም ይላል። ሁለቱም አብሮ ወጣ፤ ከሩቅም ተሰማ።

ማንም ተነሥቶ ሽማግሌዎቹን "በበዓል ቀን አታልቅሱ፣ ሟርተኞች!" አላላቸውም። ሽማግሌዎቹም ወጣቶቹን "ይህችን ትንሽ መሠረት አይታችሁ ነው እልል የምትሉት?" ብለው አላፌዙባቸውም። በመለከቱ ፊት ሁለቱም ቦታ ነበራቸው። ደግሞ አትርሱ፣ በዚያን ጊዜ በላያቸው የሚነግሠው የፋርስ ንጉሥ ነበር። ሙሉ ነጻነት አልነበራቸውም። ሆኖም አመሰገኑ።

ወደ ነህምያ ምዕራፍ 9 ስትሄዱ ደግሞ በዓሉን በታላቅ ደስታ ካከበሩ በኋላ በጾም ተሰብስበው ሲጸልዩ ታገኟቸዋላችሁ። ጸሎቱ ከፍጥረት ጀምሮ እግዚአብሔር ያደረገውን ደግነት አንድ በአንድ ይቆጥራል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ለአባቶቻችን በሰጠኸው ምድር ላይ እኛ ዛሬ ባሮች ነን፤ ምድሪቱ የምታበቅለው ለሾምህብን ነገሥታት ነው የሚገባው፤ በታላቅ ጭንቀት ላይ ነን እያሉ ለጌታ ይነግሩታል። ግብር ከበደን፣ ገዢ በረታብን ማለታቸው እኮ ነው! ይህ የፖለቲካ ብሶት አይደለም ወይ? ነው። ግን ወደ ማን አቀረቡት? ወደ እግዚአብሔር። ከምን ጋር? ከምስጋና ጋር፣ ደግሞም ከራሳቸው ኃጢአት ኑዛዜ ጋር።

ሦስት የጠፉ መንገዶች

ከዚህ ታሪክና ከዚህ ቃል ስንነሣ፣ በበዓል ቀን የሚያስቱን ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው ሽንገላ ነው። ለባለ ሥልጣን ደስ እንዲለው ብቻ "ሁሉ ሰላም ነው" ማለት። ነቢዩ ኤርምያስ ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው የሚሉትን ነቢያት እንዴት እንደ ገሠጻቸው አንብቡ። መድረክ ላይ ቆሞ ሹምን እያሞካሸ የተራበውን የረሳ ሰባኪ ምስጋና አላቀረበም፤ ዕቃ ነው የሸጠው።

ሁለተኛው ምሬት ነው። ምሬት የእንባ ታላቅ ወንድም ይመስላል፤ ግን አይደለም። እንባ ወደ እግዚአብሔር ይወጣል፤ ምሬት ወደ ጎረቤት ይወርዳል። "ይህን ያደረሱብን እነ እገሌ ናቸው" ብሎ በአንድ ብሔር ላይ ጣቱን ይቀስራል። ስልኩን ከፍቶ የሞተውን ሰው ብሔር ካወቀ በኋላ ነው የሚያዝነው ወይም የማያዝነው። ወገኖቼ፣ ይህ ነገር በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ገብቷል። አንድ እንጀራ ቆርሰው አንድ ጽዋ የጠጡ ሰዎች በዜና ምክንያት ሰላምታ ያቆሙበት አጥቢያ አለ።

ሦስተኛው ዝምታ ነው። "እኔ መንፈሳዊ ነኝ፣ የአገር ነገር አይመለከተኝም" ማለት። ጌታ በኤርምያስ 29 ለምርኮኞቹ የነገራቸው የከተማዋን ሰላም እንዲፈልጉ፣ ስለ እርሷም እንዲጸልዩ ነው። ባቢሎን ለሆነች ከተማ ይህ ከታዘዘ፣ ለንፋስ ስልክ ላፍቶማ እንዴት አይታዘዝ!

በአንድ አግዳሚ ላይ

ከአምልኮ በኋላ አንድ ወጣት ወንድም እንዲህ አለኝ፦ "ፓስተር፣ ለአገር አመስግኑ ስትሉን ከንፈሬ ይጸልያል፣ ልቤ አይከተልም። የእናቴ ቤተሰቦች ተፈናቅለው አሁንም አልተመለሱም። የቤት ኪራይ ደግሞ ከደመወዜ በልጧል። ለየትኛው ድል ነው የማመሰግነው?" ይህን የሰሙ አንዲት እናት ደግሞ በጣም ተቀየሙ። "አባቴ የቆሰለበትን ቀን እንዴት እንዲህ ይላል? አባቴ እስኪሞት ድረስ እግሩ ላይ የጣልያን ጥይት ነበር" አሉ። ሁለቱም በአንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጡ፣ አብረው የሚዘምሩ ናቸው።

ማን ልክ ነው? እኔ ከዕዝራ 3 ውጭ መልስ የለኝም። እማማ በእልልታው በኩል ናቸው፤ ልጃችን በልቅሶው በኩል ነው። ሁለቱም በመሠረቱ ዙሪያ ቆመዋል። እማማን "የአባትዎን ታሪክ ለዚህ ልጅ ይንገሩት" አልኳቸው። ልጁንም "የእናትህን ቤተሰብ ስም ለእማማ ንገራቸውና ይጸልዩላቸው" አልኩት። እናም ተቀምጠው ተነጋገሩ። ጳውሎስ በሮሜ 12 ከሚደሰቱ ጋር መደሰትና ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስ በአንድ ትንፋሽ ያዘዘው ለዚህ ይመስለኛል። ከሚደሰት ጋር ብቻ መደሰት ቀላል ነው፤ ከሚያለቅስ ጋር ብቻ ማልቀስም ይለመዳል። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ማድረግ ግን ጸጋ ይጠይቃል።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ በዚህ በዓል ቀን በየቤታችሁ ይህን አድርጉ።

በመጀመሪያ ምስጋናችሁን በስም ቁጠሩ። "ጌታ ሆይ ስለ ሁሉም ነገር ተመስገን" ብላችሁ አትለፉት። ስለ አርበኞቹ አመስግኑ። ስለ ወላይታና ስለ ደምቢ ዶሎ አባቶች አመስግኑ። በሹክሹክታ ዘምረው እምነቱን ስላቆዩልን አመስግኑ። በራሳችን ቋንቋ ስለምንጸልይ፣ በራሳችን ፊደል መጽሐፍ ቅዱስ ስለምናነብ አመስግኑ። ሠፈራችንን ንፋስ ስልክ ያሰኛት ያለ ሽቦ በአየር የሚሄደው ስልክ ነው፤ ዛሬ ቃሉ ያለ ሽቦ በአየር ሄዶ በየጓዳችሁ ስለ ደረሰ አመስግኑ። የተወረሰ ሬዲዮ ያየ ትውልድ ይህን እንደ ቀላል ነገር አይቆጥረውም።

ቀጥሎ ብሶታችሁን በስም ቁጠሩ። በእግዚአብሔር ፊት አትሸፋፍኑት። የታሰረውን፣ የተፈናቀለውን፣ ቤቱ የፈረሰበትን፣ ሥራ ያጣውን በስም ጥሩ። የመዝሙረ ዳዊት ብዙው ክፍል ብሶት ነው፤ ጌታም ከመጽሐፉ አላወጣውም።

ከዚያም ስለ መሪዎች ጸልዩ፤ 1 ጢሞቴዎስ 2 ያዝዘናል። መጸለይ ማለት ግን ስሕተትን ማጽደቅ አይደለም። ናታን ለዳዊት ጠላቱ አልነበረም፤ "ያ ሰው አንተ ነህ" ያለውም እሱ ነው። ወረዳ ሄዳችሁ መብታችሁን በሥርዓት መጠየቅ፣ የተበደለውን ይዞ መሄድ፣ ጉቦ አልሰጥም ማለት የክርስቲያን ሥራ ነው።

በመጨረሻም ዛሬ አንድ በር አንኳኩ። ለእናንተ በዓል በሆነበት ቀን ለሌላው ልቅሶ የሆነበትን አንድ ጎረቤት ፈልጉ። ቡና ይዛችሁ ሂዱ። "እንኳን አደረሰህ" ከማለታችሁ በፊት "እንዴት ከረምክ?" በሉት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙት።

ነቢዩ ዕንባቆም በለሱ ባታፈራም፣ ከብቱ ከበረት ቢጠፋም በአምላኩ ደስ እንደሚለው ተናግሯል። በለሷ አፍርታለች ብሎ አልዋሸም። ባዶውን በረት አይቶ፣ ባዶ ነው ብሎ፣ ከዚያ አመሰገነ። የእኛም ምስጋና እንዲህ ይሁን። መንግሥታት በዓል ይሾማሉ፣ ይሽራሉ። ከመቃብር የተነሣው ጌታ ግን በማንም አዋጅ አልነገሠም፤ በማንም አዋጅ አይሻርም። አርብ ዕለት ያለቀሱ ሴቶች እሑድ ጠዋት ሲሮጡ ያገኙት እርሱን ነው፤ በእጆቹ ላይ ግን የችንካሩ ምልክት አሁንም ነበረ። ድል አድራጊው ጌታችን ቁስሉን አልደበቀም።

ይህን ጌታ ገና ያላወቅኸው ወንድሜ፣ ያላወቅሽው እህቴ፣ ምሬትህን ይዘህ፣ እንባሽን ይዘሽ ወደ እርሱ ኑ። እስክትረጋጉ አይጠብቃችሁም፤ እንዳላችሁ ይቀበላችኋል። አብረን እንጸልይ።

አባት ሆይ፣ አባቶቻችን በደማቸው ስላቆዩልን አገር እናመሰግንሃለን። በመከራ ዘመን ቤተ ክርስቲያንህን ስለ ጠበቅህ ስምህ ይባረክ። ደግሞም ጌታ ሆይ፣ ደክሞናል። ልጆቻችን ይሞታሉ፣ ወገኖቻችን በድንኳን ያድራሉ፣ እጃችንም ከደም ንጹሕ አይደለም። ይቅር በለን። የሚገዙንን ፍርሃትህን አስተምራቸው። አንዱ እልል ሲል ሌላው ሲያለቅስ ሳንለያይ በፊትህ መቆምን ስጠን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤታችሁ አስተላልፉት።